ቶማስ ያንግ፦ ዕውቀቱን ከሕመምተኞቹ የደበቀው ሐኪም

በ1819 መገባደጃ የብሪታኒካ መዝገበ ዕውቀት ተጨማሪ ቅጽ ስለ ግብጽ አንድ ረጅም ጽሑፍ ይዞ ወጣ። ጽሑፉ ለ1,400 ዓመታት ገደማ ማንም ሊያነበው ያልቻለውን የጥንት ግብጻውያን የሥዕል ጽሕፈት ለመፍታት እስከዚያን ጊዜ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ርቆ የሄደ ነበር። ከሥዕል ጽሕፈቱ ብቻ ወደ 200 ለሚጠጉ ቃላትና ምልክቶች ትርጉም ሰጥቷል። የጸሐፊው ስም ግን አልነበረበትም።

ጸሐፊው በለንደኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል የሚሠራ የ46 ዓመት ሐኪም ነበር። ስሙን የሸሸገው ከትሕትና አልነበረም፤ መንግሥትን ወይም ቤተ ክርስቲያንን ፈርቶም አልነበረም። የፈራው ሕመምተኞቹን ነው። ሐኪማቸው ሐሳቡን በጥንታዊ ድንጋይና በብራና ላይ እንደጣለ ከሰሙ ሌላ ሐኪም ይፈልጋሉ የሚል ሥጋት ነበረው።

ይህ ሰው ቶማስ ያንግ ነው። ዛሬ ስሙን የሚጠሩት ሰዎች ብዙ ቢሆኑም እያንዳንዳቸው የሚያውቁት ሌላ ያንግ ነው። የምህንድስና ተማሪ አንድ ብረት ሲጎተት ምን ያህል እንደሚለጠጥ ሲያሰላ ያንግስ ሞጁለስ ይላል። የፊዚክስ ተማሪ ብርሃን ሞገድ መሆኑን ያሳየውን ሙከራ ከስሙ ጋር ያጠናል። የዓይን ሐኪም አስቲግማቲዝምን ለመጀመሪያ ጊዜ መርምሮ የገለጸው እሱ መሆኑን ሊያውቅ ይችላል። ከሕንድ እስከ አውሮፓ የተዘረጋውን የቋንቋዎች ቤተሰብ ኢንዶ-ዩሮፒያን ብሎ በ1813 በጽሑፍ የሰየመውም ይኸው ሰው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቶርኖ እስከ ግዕዝ

ያንግ የተወለደው ጁን 13 ቀን 1773 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በሶመርሴት አውራጃ፣ ሚልቨርተን በምትባል ቦታ ነው። ከአሥር ልጆች የመጀመሪያው ነበር። ወላጆቹ ኩዌከር የሚባለው የክርስትና ማኅበር አባላት ነበሩ፤ ማኅበሩ ጭፈራን፣ ሙዚቃንና ቲያትርን የሚያርቅ፣ ቁጥብ ኑሮን የሚያስተምር ነው። የልጅነቱን አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው በእናቱ አባት ቤት ነበር። በሁለት ዓመቱ ማንበብ እንደጀመረ፣ በአራት ዓመቱ መጽሐፍ ቅዱስን ሁለት ጊዜ ዳር እስከ ዳር አንብቦ እንደጨረሰ ይነገርለታል።

እንዲህ ያለው ወሬ ስለ ብዙ ታዋቂ ሰዎች ስለሚወራ አንባቢን እምብዛም ላይገርመው ይችላል። ይልቅ የሚገርመው ልጁ ዕውቀቱን የለቃቀመባቸው ቦታዎች መራራቃቸው ነው። በዶርሴት አውራጃ በገባበት አዳሪ ትምህርት ቤት አንድ ረዳት መምህር በቶርኖ መሥራትን፣ ሌንስ መሞረድንና ቴሌስኮፕ መገጣጠምን አስተማረው። በዚያው የልጅነት ዘመኑ፣ አባታችን ሆይ የሚለውን ጸሎት ከመቶ በሚበልጡ ቋንቋዎች የያዘ መጽሐፍ በውሰት እጁ ገባ፤ እሱንም ማገላበጥ ልዩ ደስታው ሆነ። አሥራ አራት ዓመት ሲሆነው ከላቲንና ከግሪክ፣ ከፈረንሳይኛና ከጣሊያንኛ አልፎ ዕብራይስጥን፣ ሱርስትን፣ ዓረብኛን፣ ፋርስኛንና ቱርክኛን ጀምሮ ነበር። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች በሚያቀርቡት በዚህ ዝርዝር ውስጥ ግዕዝም አለ።

በዚያ ዘመን ግዕዝ በአንድ የእንግሊዝ ገጠር ልጅ እጅ መግባቱ እንግዳ ይመስላል፤ ሆኖም መንገዱ ቀድሞ የተጠረገ ነበር። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ከኢትዮጵያዊው መነኩሴ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ሠርቶ የግዕዝ መዝገበ ቃላቱንና ሰዋስዉን ለንደን ላይ ያሳተመው በ1661 ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1650ዎቹ በዚያችው ከተማ የታተመው የብዙ ቋንቋዎች መጽሐፍ ቅዱስ የግዕዝ ክፍሎችን ከነፊደላቸው ይዞ ነበር። የሶመርሴቱ ልጅ አንድን ጽሑፍ ከሌላ ፊደል ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማስተያየትን የለመደው እንዲህ ካሉ መጻሕፍት ነው። ይህ ልማድ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለትልቅ ጉዳይ ይፈለግ ነበር።

ሕክምናን የመረጠው በእናቱ አጎት በዶክተር ሪቻርድ ብሮክለስቢ ግፊት ነው። ለንደን፣ ኤዲንብራ፣ ጀርመን አገር ጎቲንገንና ካምብሪጅ እየተዘዋወረ ተማረ። በመንገዱ ላይ ዋሽንት መንፋት፣ መደነስና ቲያትር ማየት ጀመረ፤ ከኩዌከር ማኅበር የለየውም ይኸው ነው። ካምብሪጅ የደረሰው በወጣትነቱ ስሙ ቀድሞት ስለነበር ጓደኞቹ ተአምረኛው ያንግ ይሉት ነበር፤ ግማሹ አድናቆት፣ ግማሹ ሽሙጥ ነበር። ብሮክለስቢ በ1797 ሲሞት የለንደን ቤቱን፣ መጻሕፍቱንና አሥር ሺህ ፓውንድ ገደማ አወረሰው። ወጣቱ ሐኪም በሕመምተኞች ክፍያ ብቻ ለመኖር ከመገደድ የዳነው በዚህ ገንዘብ ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ ከዚህ በታች የሚተረከው አብዛኛው ነገር ባልተሠራ ነበር።

ዓይን፣ ድምፅ፣ ብርሃን

የመጀመሪያ ሥራው ከሕክምና አልወጣም። ዓይን ከሩቅ ነገር ወደ ቅርብ ነገር ሲዞር ጥርት አድርጎ ማየቱን የሚቀጥለው እንዴት ነው? የበሬ ዓይን ሰንጥቆ ከመረመረ በኋላ የዓይን ሌንስ ቅርጹን ይለውጣል ብሎ ጻፈ። ይህን ጽሑፍ በ1793 ለሮያል ሶሳይቲ ሲያቀርብ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር፤ በዓመቱ የማኅበሩ አባል ሆኖ ተመረጠ።

ተቃዋሚዎች አልጠፉም። የሚለወጠው የዓይን የፊት ሽፋን ነው፣ አይደለም የዓይን ኳሱ ርዝመት ነው የሚሉ ነበሩ። ያንግ ክርክሩን የዘጋው በራሱ ዓይን ላይ በመሞከር ነው። ዓይኑን ውኃ ውስጥ ከተተ፤ ውኃ ሲነካው የፊት ሽፋኑ ብርሃንን የመስበር ኃይሉን ስለሚያጣ፣ ዓይኑ አሁንም ከሩቅ ወደ ቅርብ መላመድ ከቻለ ሥራው የፊት ሽፋኑ አይደለም ማለት ነው። ቻለ። የዓይን ኳሱን ርዝመትም ከፊትና ከኋላ በብረት መሣሪያ ይዞ ለካ፤ አልተለወጠም። የዓይን ሞራ ሲወጣላቸው ሌንሳቸውን ያጡ ሰዎችን ሲመረምር ደግሞ ይህን ችሎታ እንዳጡ አየ። በዚሁ ልኬታ መካከል የራሱ ዓይን ቁመቱንና አግድሙን እኩል ጥርት አድርጎ እንደማያይ ደረሰበት፤ አስቲግማቲዝም የታወቀው እንዲህ ነው። ሌንሱ ራሱ ጡንቻ ነው ማለቱ ስሕተት ነበር፤ ቅርጹን የሚለውጡት በዙሪያው ያሉ ጡንቻዎች ናቸው። ዋናው ሐሳብ ግን ጸንቶ ቀረ።

ከዓይን ወደ ብርሃን ያለው መንገድ አጭር ይመስላል። ያንግ ግን የሄደው በድምፅ በኩል ዞሮ ነው። ጎቲንገን ላይ የዶክትሬት ሥራውን ሲያዘጋጅ የሰውን ድምፅ አጥንቶ ነበር፤ ዋሽንት መንፋቱም ነገሩን በጆሮው አስለምዶታል። ሁለት የተቀራረቡ ድምፆች አብረው ሲሰሙ ድምፁ እየጎላና እየደከመ ይመላለሳል፤ አንዱ ሞገድ ሌላውን አንዴ ይደግፈዋል፣ አንዴ ያጠፋዋል። ብርሃንስ እንዲሁ ቢሆን?

በዚያን ጊዜ ይህ ጥያቄ ከኒውተን ስም ጋር መጋጨት ነበር። ኒውተን ብርሃንን የቅንጣቶች ጅረት አድርጎ ያስብ ስለነበር እንግሊዝ ውስጥ ከዚህ ሐሳብ መውጣት እንደ ድፍረት ይታይ ነበር። ደስ የሚለው ነገር፣ ያንግ ከተደገፈባቸው ማስረጃዎች አንዱ የራሱ የኒውተን ነበር። ኒውተን በሩቅ ምሥራቅ፣ በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ያልተለመደ የሆነው በሁለት መንገድ የሚመጡ ሞገዶች ሲገናኙ እርስ በርስ ስለሚጣፉ ነው ብሎ ገልጾ ነበር። ሊቁ ለባሕር የፈቀደውን ተማሪው ለብርሃን ጠየቀ።

በ1803 ለሮያል ሶሳይቲ ያቀረበው ሙከራ ቀላል ነበር። የመስኮት መዝጊያ ላይ ወፍራም ወረቀት ለጥፎ በመርፌ ቀዳው፤ በገባው ቀጭን የፀሐይ ጨረር መንገድ ላይ ውፍረቱ የአንድ ኢንች ሠላሳኛ የሆነ የካርቶን ቁራጭ በጠርዙ አቆመ። ጨረሩ በካርቶኑ ግራና ቀኝ ለሁለት ተከፍሎ ሲያልፍ፣ በጥላው ውስጥ ብሩህና ጨለማ መስመሮች ታዩ። በአንድ በኩል የሚያልፈውን ብርሃን ሲጋርደው መስመሮቹ ጠፉ። ብርሃን ላይ ብርሃን ተጨምሮ ጨለማ የሚወልድ ከሆነ ብርሃን ሞገድ ነው። የዛሬ መማሪያ መጻሕፍት ሁለት ቀዳዳዎችን እየሣሉ ቢያስተምሩም የዚያን ዕለቱ መሣሪያ ቀዳዳ ያለው ወረቀትና ካርቶን ብቻ ነበር። ከእነዚህ መስመሮችና ከመሰሎቻቸው ተነሥቶም የሞገዶቹን ርዝመት አሰላ፤ የቀይ ብርሃን የኢንች 36,000ኛ፣ የወይን ጠጁ ደግሞ 60,000ኛ ገደማ መሆኑን አገኘ። ዛሬ ከሚታወቀው ልክ እምብዛም አይርቅም።

በእነዚሁ ዓመታት ዓይን ቀለምን እንዴት እንደሚለይ ጠየቀ። ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ መቀበያ ቢኖር ሬቲና ላይ ቦታ አይበቃም፤ ስለዚህ ሦስት ዓይነት ብቻ ይበቃሉ፣ ሌላው ቀለም ሁሉ የእነሱ ቅልቅል ነው አለ። ማንም ብዙ ትኩረት አልሰጠውም። ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ ሐሳቡን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ አነሣው፣ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ምርምር ደግሞ አጸናው። ይህ ጽሑፍ የሚነበብበት የስልክ ወይም የኮምፒውተር ስክሪንም ቀለሞቹን ሁሉ የሚሠራው ከሦስት ዓይነት ብርሃን ነው።

ስም የሌላቸው ገጾች

ሽልማቱ ስድብ ሆነ። ከ1803 ጀምሮ ኤዲንብራ ሪቪው የተባለው አዲስ መጽሔት የያንግን የብርሃን ጽሑፎች እያብጠለጠለ ሥራው ባዶና ከንቱ ነው አለ። ጸሐፊው ስሙን አልጻፈም፤ ኋላ የእንግሊዝ ሎርድ ቻንስለር የሆነው ሄንሪ ብሮም ነበር። ያንግ መልስ በትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የተሸጠው አንድ ቅጂ ብቻ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል።

ሮያል ኢንስቲቲዩሽን በተባለው ተቋም የያዘውን የፕሮፌሰርነት ሥራም በ1803 ለቀቀ። ንግግሮቹ ለአድማጩ ከብደው ነበር፤ በዚያው አዳራሽ ኬሚስቱ ሃምፍሪ ዴቪ ሕዝብ ሲያጨበጭብለት፣ ያንግ በአንድ ሰዓት ውስጥ የአንድ ዓመት ትምህርት ሊያስገባ ይሞክር ነበር። ንግግሮቹ በ1807 በሁለት ትልልቅ ቅጾች ታተሙ፤ ስለ ብረት መለጠጥ የሚያወሳው ክፍልም እዚያው ውስጥ ነው። አሳታሚው የተስማማበትን አንድ ሺህ ፓውንድ ሳይከፍል ከሰረ።

በ1804 ኤሊዛ ማክስዌልን አገባ፤ ልጅ አልወለዱም። ሕክምናውን ለማሳደግ በወሰነ ጊዜ ከሕክምና ውጭ የሚጽፈውን ሁሉ ያለ ስሙ ለማውጣት ቆረጠ። ያን ጊዜ የለንደን ባለጸጋ ሕመምተኛ ከሐኪሙ የሚፈልገው እርጋታና ሙሉ ትኩረት ነበር፤ ብዙ ማወቅ ጥርጣሬ ያስነሣ ነበር። ያንግ ይህን ሐሜት በመፍራቱ ሊወቀስ አይገባም፤ ያሳዝናል ግን። ምክንያቱም የማወቅ ጉጉቱን ሳይሆን ስሙን ነው የቀነሰው። ሥራው አልቆመም። ለመዝገበ ዕውቀቱ ከ60 በላይ ጽሑፎች ጻፈ፤ የመርከብ አሠራርን፣ በለንደን የጋዝ መብራትን አደጋና የርዝመት መለኪያን ጉዳይ ለመንግሥት መረመረ። ከ1818 ጀምሮ የባሕረኞች የከዋክብት ሰንጠረዥ ኃላፊ ሆነ። በ1824 ደግሞ የአንድ የሕይወት መድን ድርጅት አስሊና ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ። ለልጆች የሚሰጥ መድኃኒት ከዕድሜያቸው አንጻር ምን ያህል መሆን እንዳለበት የሚያሰላ ቀመርም በስሙ ይጠራል።

የሮዜታ ድንጋይ

በ1813 አንድ መጽሐፍ እንዲገመግም ተሰጠው፤ የዓለም ቋንቋዎችን በአባታችን ሆይ ጸሎት የሚያነጻጽር ሚትሪዳቴስ የተባለ የጀርመን ሥራ ነበር። የልጅነት መጽሐፉ አድጎ የመጣ ያህል ነው። ኢንዶ-ዩሮፒያን የሚለው ስያሜ የወጣው በዚህ ግምገማ ሲሆን፣ የሮዜታን ድንጋይ ነገር ልቡ ውስጥ የከተተውም በመጽሐፉ ያነበበው አንድ ማስታወሻ ነው።

ድንጋዩ የናፖሊዮን ወታደሮች በ1799 ግብጽ ውስጥ ያገኙት፣ ከ1802 ጀምሮ ለንደን በሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም የተቀመጠ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ196 የወጣውን የንጉሥ ጰጥሎሜዎስ አምስተኛን ዘመን አዋጅ በሦስት ጽሕፈት ይዟል፦ በሥዕል ጽሕፈት፣ ዴሞቲክ በሚባለው ፈጣን የእጅ ጽሕፈትና በግሪክ። ከላይ በኩል ስለተሰበረ ከሥዕል ጽሕፈቱ የተረፈው 14 መስመር ብቻ ነው።

ያንግ በ1814 ክረምት ከለንደን ወጥቶ ዎርዚንግ በተባለችው የባሕር ዳር ከተማ ሳለ ሥራውን ጀመረ። አካሄዱ እንደ ሒሳብ ሰው ነበር። በግሪኩ ውስጥ እንደ ንጉሥ ያሉ ቃላት ስንት ጊዜ፣ ከየት እስከ የት ርቀት እንደሚደጋገሙ ቆጠረ፤ ከዚያ በዴሞቲኩ ውስጥ በተመሳሳይ ቦታ የሚደጋገሙ የምልክት ስብስቦችን ፈለገ። ጎን ለጎን ሲያያቸው ዴሞቲክ ራሱን የቻለ ፊደል ሳይሆን በከፊል ከሥዕል ጽሕፈቱ በጥድፊያ ጽሕፈት የተወለደ መሆኑን አስተዋለ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ቀጥሎም በሞላላ መስመር ውስጥ የተከበቡት ምልክቶች የንጉሡ ስም መሆናቸውን ይዞ፣ ጰጥሎሜዎስ ከሚለው ስም የበርካታ ምልክቶችን ድምፅ በትክክል አነበበ።

እዚያ ላይ ቆመ። ግብጻውያን ምልክትን እንደ ድምፅ የሚጠቀሙት ለባዕድ ስም ብቻ ነው፣ ቻይናውያን የውጭ አገር ስም ሲጽፉ እንደሚያደርጉት ማለት ነው ብሎ አመነ። ፈረንሳዊው ዣን ፍራንሷ ሻምፖሊዮንም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ያስብ ነበር። ሻምፖሊዮን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ከግብጽ በቀር ሌላ ምኞት አልነበረውም። ዓረብኛንና ግዕዝን ጨምሮ ብዙ የምሥራቅ ቋንቋዎችን የተማረ፣ ከሁሉ በላይ የጥንቱ ግብጽኛ ልጅ የሆነውን የቅብጥ ቋንቋ እንደ አፍ መፍቻው ያጠና ሰው ነበር። የራምሴስንና የቱትሞስን ስሞች ሲያነብ፣ እነዚህ ጥንታውያን ግብጻውያን ነገሥታት ስለሆኑ የድምፅ ምልክቶቹ ለባዕድ ስም ብቻ እንዳልነበሩ ተገለጠለት።

ግኝቱን ሴፕቴምበር 27 ቀን 1822 ፓሪስ ላይ ለሊቃውንቱ ጉባኤ ሲያነብ ያንግ ከአድማጮቹ መካከል ተቀምጦ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ተዋወቁ፣ ሻምፖሊዮንም አንድ የዴሞቲክ ጽሑፍ ቅጂ ሰጠው። ያንግ ለንደን ተመልሶ ይህንኑ ሲመረምር፣ ከግብጽ የተመለሰ አንድ መንገደኛ የፓፒረስ ጥቅሎች አመጣለት። ከመካከላቸው አንዱ በግሪክ የተጻፈ ነበር። ሲያነበው ከፓሪስ ያመጣው የዴሞቲክ ውል ትርጉም ሆኖ አገኘው። ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የተለያዩ አንድ ውልና ትርጉሙ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ በጥቂት ቀናት ልዩነት መገናኘታቸውን ራሱ ያንግም ለማመን ተቸግሮ ነበር።

ያንግን የቆጨው መቀደሙ ብቻ አልነበረም። ሻምፖሊዮን በታተመው ሥራው የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ማን እንደተራመደ በበቂ አልጠቀሰም የሚል ቅሬታ ነበረው። በ1823 ስለ ግብጽ ጽሕፈት አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚህኛው ላይ ስሙ አለ። አርእስቱም ሳይቀር መጽሐፉ የደራሲውን የራሱን ፊደል ገበታ፣ ሻምፖሊዮን ካሰፋው ጋር እንደያዘ ይናገራል። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት ያህል ስሙን ሲደብቅ የኖረ ሰው አሁን ስለ ስሙ ይከራከር ጀመር። ክርክሩ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ሊቃውንት መካከል ከሁለቱም ዕድሜ አልፎ ቀጠለ። ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች በሩን የከፈተው ሻምፖሊዮን መሆኑን ይቀበላሉ፤ ያንግ ቁልፉን ከየት እንደሚፈልግ አሳየ፣ በዴሞቲክ ግን ራሱ ቀዳሚ ነበር።

ለዚህ ውጤት ብዙዎች የሚሰጡት ምክንያት ያንግ ጉልበቱን በመበተኑ ነው የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው፤ የቅብጥን ቋንቋ ለመውረስ የሚጠይቀው ዓመታት ለሕሙማን፣ ለከዋክብት ሰንጠረዥና ለመድን ሒሳብ ሄደዋል። ግን ያው መበተን ባይኖር ዋሽንቱ ወደ ብርሃን፣ የጸሎት መጽሐፉም ወደ ድንጋዩ ባልመራው ነበር።

በብርሃኑ ጉዳይ መጨረሻው ለስለስ ያለ ነበር። ፈረንሳዊው ኦጉስታን ፍሬኔል የሞገድን ሐሳብ በራሱ መንገድ ደርሶበት በሒሳብ አጸናው፤ ያንግ እንደቀደመው ሲያውቅም አልሸሸገም። በ1827 የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ፣ በሞተው በጣሊያናዊው ቮልታ ቦታ፣ ያንግን ከስምንቱ የውጭ አገር አባላቱ አንዱ አድርጎ መረጠው። በቀጣዩ ዓመት ፓሪስ ሲሄድ የሉቭር ሙዚየም የግብጽ ክፍል ኃላፊ የሆነው ሻምፖሊዮን በመልካም ተቀብሎ የዴሞቲክ ጽሑፎቹን ከፈተለት።

ያንግ ሜይ 10 ቀን 1829 ለንደን ውስጥ፣ 56 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር ትልቁ የደም ቧንቧው ደድሮ ተገኘ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ቀለም ነክሮ ለመጻፍ አቅም ሲያንሰው በእርሳስ እየጻፈ የሚያርመው የዴሞቲክ መዝገበ ቃላት ነበር። መዝገበ ቃላቱ ከሞቱ በኋላ ከስሙ ጋር ታተመ። ሻምፖሊዮን በ1832 ሲሞት የእሱም የግብጽኛ ሰዋስው ገና በእጅ ጽሑፍ ነበር፤ ወንድሙ አሳተመለት።